አመድ የለበሰው ገብስ

የአምላክን እናት የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምን ቸርነት ልትሰሙ የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፥ ጆሯችሁን ወደዚህ መልሱ፥ ልባችሁንም ቤት ጥዳችሁት ከመጣችሁት ወጥ ላይ ለጥቂት ጊዜ አንሡት። ለወለተ ኪዳን ያደረገችላትን እንነግራችኋለን፤ የሰማ ይጠቀማል፥ ላንቀላፋውም ከጎኑ ያለው ሰው ኋላ ይንገረው።

በደጋው አገር በጥድ አምባ ማርያም አጥቢያ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች፥ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን ነበር። ባሏ ስንሻው የሚባል ቅን ገበሬ ነበረ፥ ልጆችም ነበሯቸው፥ ጠግበው የሚያድሩ እንጂ ተርፏቸው የሚኩራሩ አልነበሩም። ደብሪቱም እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምራ ትወድ ነበርና በየዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ወደ ምሥራቅ ዞራ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ» ብላ ጸሎቷን ታደርስና ወደ ወፍጮዋ ትሄድ ነበር። ከመፍጨቷም አስቀድማ ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና፥ በጓዳው ጥግ በቆመ አፉ በተሸረፈ ጋን ውስጥ ትጨምርና «እመቤቴ ሆይ፥ ይህ በስምሽ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ክፉውን ቀን አርቂልን፥ ከመጣም ባዶ እጃችንን አያግኘን» ትል ነበር። ይህንንም ስእለት በጾምም በፍስክም አላስታጎለችም፥ አራስ በሆነች ጊዜ እንኳ ጎረቤቷን ለምና ታስጨምር ነበር።

እንዲህ ያደረጋትም ምክንያት ነበር። ልጅ ሳለች አንበጣ አገሩን በላው፥ በጎታቸውም የተረፈ እህል አልነበረምና አባቷ ቤቱን ዘግቶ ሁሉንም ይዞ እንጀራ ፍለጋ ቆላ ወረደ፤ በዚያም ንዳድ የሚሉት በሽታ አባቷንና ሁለቱን ወንድሞቿን በአንድ ክረምት ፈጃቸው፥ እናትና ልጅ ብቻ እየተደጋገፉ ተመለሱ። ስለዚህ ደብሪቱ የቆላን ስም በሰማች ቁጥር ታማትብ ነበር። ሰዎችም «ከሰይጣን ይልቅ ቆላን ትፈሪያለሽ» ብለው ሲስቁባት «ሰይጣንንማ በጸበል ያባርሩታል፥ ንዳድን ማን አባረረው?» ትላቸው ነበር።

የጥድ አምባ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም አሮጌ እህል ከአዲሱ እህል ጋር በአንድ ጣራ ሥር ከተገናኘ ነቀዝ ያወርሰዋል፥ በረከቱንም ያሸሻል የሚል ነው። ስለዚህ አዝመራው ማሸት በጀመረ ጊዜ ከአምናው የቀረውን እየጠመቁና እየደገሱ ይጨርሱታል፥ ዘሩንም ከአዲሱ እናስቀራለን ብለው ጎታቸውን ጠርገው አፉን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሰንበቴውም ማኅበሩም ተዝካሩም በዚያ ወራት ይበዛል፤ የእኛም የካህናቱ ፊት በዚያ ወራት ወዛ ወዛ ይላል፥ ይህንን ደብቀን ምን እናገኛለን። የደብሪቱን ጋን በተመለከቱ ጊዜ ግን ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፥ አሮጌውን ከአዲሱ የምታገናኝ እርሷ ብቻ ነበረችና።

ከዕለታት በአንድ ቀንም የስንሻው አባት አረፉ፥ አርባቸውም በጥቅምት መጨረሻ ላይ ዋለ። የስንሻው ታላቅ ወንድም ተድላ የሚባል ነበረ፤ ልቡ ክፉ አልነበረም፥ ነገር ግን ድግስ ሲባል የማይደክም፥ ስም ሲባል የማይጠግብ ሰው ነበር። እርሱም የአባቱን ተዝካር አገር እንዲያወራለት ፈልጎ የራሱን ጎታ ገለበጠ፥ የወንድሙንም አስገለበጠ፥ ይህም አልበቃውምና ወደ ደብሪቱ ጓዳ መጣ።

«እቴ ደብሪቱ፥ ሴቶቹ ጠላው ይጎድላል ብለው ነገሩኝ። ያንን የጋኑን ገብስ ስጪንና ይጠመቅ» አላት።

«አያ ተድላ፥ በጎታችን የነበረውን ሁሉ ወስደዋል፥ ደግ አደረጉ፥ የአባታችንን ነፍስ ይማርበት። የጋኑ ግን የእመቤቴ ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ በስሟ ያስቀመጥሁት ነው» አለችው።

ተድላም ሳቀና በሩን እያመለከተ «ክፉ ቀን? እስቲ ወጣ በይና ማሳውን እዪው፥ ዛላው ጎንበስ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣን ነው! ፈጣሪ እያበቀለ አንቺ ምን ቤት ነሽና ታጠራቅሚያለሽ? የሰማይ ወፍ ጎተራ አላት? ሳታስቀምጥ ትኖር የለም?» አለ።

«ወፏም ብትሆን ጎጆዋን ሳትሠራ እንቁላሏን አትጥልም፥ አያ ተድላ» አለችው።

እርሱም በዚህ ነገር ተቆጣና «ለአባቴ ነፍስ ሰሰትሽ! የመጣ ይምጣ፥ ነገ ሰው ይዤ መጥቼ ራሴ እወስደዋለሁ፥ ባልሽም ፈቅዷል» ብሎ ወጣ። እውነትም ስንሻው ፈቅዶ ነበር፤ ለታላቅ ወንድሙ እምቢ ማለትን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ተለማምዶት አያውቅም ነበርና።

ደብሪቱም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና የንስሐ አባቷን አባ ዘሚካኤልን አገኘቻቸው፥ እያለቀሰችም «አባቴ፥ ለነገ ማስቀመጤ ፈጣሪን አለማመን ነውን? ለሞተስ ሰስቻለሁን?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባ ዘሚካኤልም «ልጄ፥ ኖኅ መርከቡን የሠራው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው፥ ያን ጊዜም ጎረቤቶቹ ሳይስቁበት አልቀሩም። ዮሴፍም ለግብፅ እህል ያከማቸው በጥጋቡ ዓመት ነበር፥ በራቡ ዓመትማ ምን ያከማቻል? ለሙት የሚበጀው ጸሎትና ምጽዋት ነው፥ የሰካራም ዘፈን አይደለም። ይህን ግን ለተድላ እኔ እንዳልሁት አትንገሪው፥ ለተዝካሩ ጠርቶኛል» አሏት። እርሷም በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች፥ እርሳቸውም ባርከዋት ገቡ።

ከዚያም ደብሪቱ በሥዕለ ማርያም ፊት ብዙ ሰገደችና ድካም ቢያሸንፋት በግድግዳው ሥር ተቀምጣ ጥቂት አንቀላፋች፥ በዚያን ጊዜም እመቤታችን ከፀሐይ የሚበልጥ ብርሃን ተጎናጽፋ ተገለጠችላት። «ወለተ ኪዳን ሆይ፥ አትፍሪ፤ በስሜ ያኖርሽውን እኔ እጠብቀዋለሁ። ሂጂና የምድጃሽን አመድ በወንፊት ነፍተሽ ገብሱን አልብሺው፥ እኔም እሸሽገዋለሁ፥ በጊዜውም እገልጠዋለሁ። አንቺ ግን የጧት እፍኝሽን አትተዪ» አለቻትና ተሰወረች። ደብሪቱም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ተመልሳ አመዱን ነፍታ በገብሱ ላይ አለበሰችው፥ አመዱም ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ አልነበረም።

በማግሥቱም ተድላ ሰዎችና ስልቻ ይዞ መጣ፥ ስንሻውም አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ተከተለ። ተድላም ወደ ጓዳ ገብቶ የጋኑን ክዳን አነሣና እጁን ቢያገባ አመድ አገኘ፥ እስከ ክርኑ ቢያገባ አመድ ሆነ፥ እስከ ብብቱም ቢያገባ ያው አመድ ሆነ። እያነጠሰም ወጣና ነጭ የሆነ ክንዱን ለሰዎቹ እያሳየ «አያችሁ? ለአባቴ የሰሰተችውን ገብስ እግዚአብሔር አመድ አደረገባት!» ብሎ ጮኸ፥ ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ መንደሩን ዞረ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ደብሪቱ ብቻዋን ቀረች፥ ልቧም ደስ ብሎት ነበርና ገብሷን ልትዳስስ እጇን አገባች። ነገር ግን አመዱ አላለቀም፤ እስከ ትከሻዋ ብታገባ፥ የጋኑንም ቂጥ በጣቶቿ ብትነካ፥ አንዲት ፍሬ አላገኘችም። በዚያን ጊዜ ጋኑን አቅፋ «እመቤቴ፥ ከእኔም ጭምር ነው የሸሸግሽው?» ብላ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ተነሥታ ጸለየችና ለዕለት ቀለብ ብላ በሰፌድ ካስቀረቻት ጥቂት ገብስ እፍኟን ዘገነች፥ በጋኑም አፍ ላይ እጇን ዘርግታ ብዙ ቆየች፥ ከዚያም «በስምሽ» አለችና በአመዱ ላይ ለቀቀችው፥ ገብሱም ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ። ስንሻውም አይቶ «አንቺ ሴት፥ እህል አመድ ላይ ይደፋል?» አላት፤ እርሷም የጋኑን ክዳን መልሳ ወደ ወፍጮዋ ሄደች።

ተዝካሩም ተበላ፥ ተጠጣ፥ ተዘፈነ፥ የተድላም ስም ሦስት ወንዝ ተሻገረ። ደብሪቱንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባለ አመዷ» አሏት፤ ውኃ ስትወርድ ሴቶች እየተንሾካሾኩ ይስቁባት ነበር፥ ልጆቿም በግ ጥበቃ ላይ በዚህ ስም እየተጠሩ አልቅሰው ይመጡ ነበር። ይህ ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን ያቃጥላት ነበር፥ ነገር ግን እፍኟን አልተወችም።

በኅዳር ወር ማጭዱ ተስሎ፥ አውድማው ተለቅልቆ፥ ጎታው ሁሉ ተጠርጎ አፉን ከፍቶ ሳለ፥ በቀትር ጊዜ ከወደ ምዕራብ ጥቁር ደመና ተነሣና ነፋሱ ቀዘቀዘ፥ ከዚያም በረዶ ወረደ። እንደ ዶሮ እንቁላል ያለ በረዶ ነበረ፥ በግም ገደለ፥ የቤት ጣራም አፈረሰ። ባባራም ጊዜ ሰዎች ከየቤታቸው ወጡና አንድ ዛላ ቆሞ አላዩም፤ ገብሱ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ነበር። ወንዶች በየማሳቸው ዳር እጃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ቆሙ፥ ሴቶችም ተንበርክከው ፍሬውን ከጭቃ ውስጥ በጥፍራቸው ይለቅሙ ጀመር። ሁሉም ስለ ጎታው አሰበ፥ ስለ ተዝካሩ ጠላም አሰበ፤ ነገር ግን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደ ተባለ ሆነባቸው።

ከጭቃ የለቀሙትንም እያጠቡና እየቆሉ፥ ጎመንም እየቀቀሉ፥ በጉንና ፍየሉንም እየሸጡ እስከ የካቲት ደረሱ። በየካቲትም የበልጉ ዝናም መጣ፥ ምድሩም ለሰለሰ፥ ሰማዩም እንደ ወትሮው ቸርነቱን አሳየ፤ የሚዘራ ግን አልነበረም። ይህ ከበረዶው ይልቅ የሚያስለቅስ ነገር ነበር። ጎረቤት የሆነውን አገር ዘር እንዳይለምኑት እርሱንም ያው በረዶ መትቶት ነበር፥ ስለዚህ ቤት እየተዘጋ ሰው ወደ ቆላ መውረድ ጀመረ።

ስንሻውም አንድ ማታ «ነገ እንወርዳለን፥ ልጆቹን አሰናጂ» አለ።

ደብሪቱም ይህን ነገር ከበረዶው ቀን ጀምራ ስትጠብቀውና ስትፈራው ነበርና ፊቱ ተንበርክካ እግሩን ይዛ «የልጆቼ አባት፥ ቆላ አባቴን በልቷል፥ ወንድሞቼን በልቷል። ልጆቼን አልሰጠውም! እዚሁ ጎመን እየበላን እንሙት» አለችው።

እርሱም እያለቀሰ «ምን ላድርግ? ማሳው ጦሙን እያደረ እንዴት እንኖራለን? አመድ ልዝራ?» አላት። ይህንንም ሊያቆስላት አላለውም፥ የጨነቀው ሰው ንግግር ነበር፤ እርሷ ግን ቆሰለች።

በነጋውም ቀኑ የየካቲት ማርያም ነበረ። ስንሻው አህያውን ጫነ፥ ልጆቹም ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደራርበው ለብሰው በደጅ ቆሙ። ደብሪቱም ጸሎቷን አድርሳ ለመንገድ ስንቅ ከተቀመጠችው ጥቂት ጥሬ ገብስ ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ጓዳ ስትሄድ ስንሻው አያትና «ዛሬም? ከልጆቹ ስንቅ ላይ?» ብሎ ጮኸባት። እርሷም «ከእኔ ድርሻ ነው፥ እኔ ዛሬ አልበላም» ብላ ገባች። በጋኑም አፍ ላይ ቆማ «እመቤቴ ሆይ፥ ክፉው ቀን ዛሬ ነው። ከዚህ የሚከፋ አላውቅም። ልጆቼን ወደ ንዳድ አገር ልወስዳቸው ነው፥ ይህም የመጨረሻዋ እፍኜ ናት፥ በስምሽ» አለችና ለቀቀችው።

ገብሱም በአመዱ ላይ በወደቀ ጊዜ እንደ ሌላው ቀን አልሰመጠም፤ ከሌላ ገብስ ጋር ሲነካካ ተሰማ። ደብሪቱም ደነገጠችና አመዱን በእጇ ገለጥ ብታደርገው ከሥሩ ገብሱ እንዳስቀመጠችው ሆኖ፥ ነቀዝ ሳይነካው፥ እርጥበት ሳያገኘው፥ ፍሬው እንደ ትናንት አዝመራ እያብለጨለጨ ተገኘ። በዚያን ጊዜ እልልታዋን ለቀቀችው። ስንሻውም አበደች ብሎ ሮጦ ገባና እጁን በጋኑ ውስጥ አስገብቶ ያወጣውን አየ፥ ከዚያም በጉልበቱ ወድቆ ጋኑን ሳመ፥ ልጆቹም ከአህያው ላይ ጭነቱን ማንም ሳያዛቸው ማውረድ ጀመሩ።

ከዚያም ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ቅዳሴው በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ከአባ ዘሚካኤል ጋር ወደ ደብሪቱ ቤት መጡ። ትናንት «ባለ አመዷ» ይሏት የነበሩ ሴቶች ዛሬ ቁናቸውን በነጠላቸው ሥር ደብቀው ዓይኗን ማየት አቅቷቸው ቆሙ። ደብሪቱም «ምን ያሳፍራችኋል? ቁናችሁን አውጡ። የእመቤቴ ነው፥ በስሟ ለመጣ ሁሉ ነው» አለችና መስፈር ጀመረች፥ አባ ዘሚካኤልም በአጠገቧ ቆመው መስቀላቸውን ይዘው ይባርኩ ነበር። አንድ ጋን ለስንት ማሳ ይበቃል ብላችሁ አታስሉ፤ በዚያ ቀን ያሰሉ ነበሩ፥ ስሌቱ ጠፍቶባቸው ዘራቸውን ብቻ ተሸክመው ሄዱ። ለየቤቱ ሁሉ ማሳውን የሚያለብስ ዘር ደረሰው፥ በመጨረሻም ለስንሻው ማሳ የሚሆነው ብቻ በጋኑ ቀረ፥ ስንሻውም ስልቻውን ይዞ ቀረበ።

በዚያን ጊዜ ተድላ ከአጥሩ በስተጀርባ ወጣ። ከጧት ጀምሮ በዚያ ቆሞ ነበር፥ መግባትም መሄድም አቅቶት ነበር። በእጁ የያዘው ስልቻ ለተዝካሩ ገብስ ሊወስድበት አምጥቶት የነበረው ያው ስልቻ ነበረ። ወደ ጓዳውም ሳይገባ በደጃፉ ላይ ተደፍቶ «እቴ ደብሪቱ፥ ለራሴስ አልለምንሽም፥ አፍ የለኝም። ልጆቼ ናቸው። ነገ ልወርድ ነው» አለ።

ደብሪቱም አየችው፥ ልቧም ተናወጠ። ልጆቿ እያለቀሱ የመጡበት ቀን ሁሉ ትዝ አላት፥ በአፏም ላይ ብዙ ቃል መጣ፤ ከቃሉ ሁሉ በላይ ደግሞ ይህ የቀረው ገብስ የገዛ ልጆቿ እስትንፋስ መሆኑን ታውቅ ነበር። ነገር ግን የተድላን ልጆች በቆላ መንገድ ላይ በዓይነ ልቡናዋ አየቻቸው፥ ትንሹም ሞቶ የቀረ ወንድሟን መሰላት። «አያ ተድላ፥ ይነሡ» አለችው፤ ከዚያም ጋኑን አዘንብላ የቀረውን ገብስ ሁሉ በስልቻው ገለበጠችለት።

ስንሻውም ባዶ ስልቻውን እንደያዘ «እኛስ?» አለ።

«በስሟ ያስቀመጥሁትን በስሟ ለመጣ እንዴት እከለክላለሁ? እኛም የእርሷ ነን፥ ታውቃለች» አለችው። ከዚያም በጋኑ ቂጥ የቀረውን አመድ በሰፌድ አውጥታ ፊቷን ወደ ማሳው አቀናች፥ «ትናንት አመድ ልዝራ ብለኸኝ የለ? በል በዓሉ ይለፍና ነገ እንዝራ» አለችው።

ተድላም ይህን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፥ በማግሥቱም ማልዶ ከረሀቡ የተረፉትን ሁለት በሬዎቹን ጠምዶ መጣ፥ ከራሱም ማሳ አስቀድሞ የወንድሙን ማሳ አረሰ። ደብሪቱም ከኋላው እየተከተለች አመዱን በእፍኟ እየዘገነች «በስምሽ፥ በስምሽ» እያለች ዘራችው። ሕዝቡ ሁሉ በማሳው ዳር ቆሞ ያይ ነበር፥ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም፥ ሴቶቹም እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር።

ከጥቂት ቀንም በኋላ የሰው ሁሉ ማሳ አረንጓዴ ለበሰ፥ የደብሪቱ ማሳ ግን ጥቁር አፈር ሆኖ ቀረ። ስንሻው በየቀኑ እየሄደ ያየው ነበር፤ ተድላም የወሰደው ገብስ በጉሮሮው ላይ እንደ ቆመ ሆኖ እህል አልበላ አለው። ደብሪቱም ትፈራ ነበር፥ አልፈራችም ብንል እንዋሻለን፤ በየጧቱ ግን የሚዘገን ገብስ ባይኖር ባዶ እጇን በጋኑ ላይ ዘርግታ «በስምሽ» ማለትን አልተወችም። ከዚያም በአንድ ጧት የልጆቿ ጩኸት ከማሳው ተሰማ። ብትወጣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር በቅሏል፥ አንድ ክፍተት አልነበረውም፥ ስንሻውም በመካከሉ ተደፍቶ ቡቃያውን ይስም ነበር።

ያም ቡቃያ ከሁሉ ኋላ ወጥቶ ከሁሉ ቀድሞ አሸተ፥ ዛላውም እንደ አመድ ነጣ ያለ ሆኖ የሰው ክንድ ያህል ይከብድ ነበር። በሰኔም ታጨደ፥ ተወቃ፥ የስንሻውም ጎታ አልበቃው ብሎ ከጎረቤት ጎታ ተለመነ። የመጀመሪያውንም ነዶ ተድላ በራሱ ላይ ተሸክሞ፥ ሕዝቡም በእልልታና በጭብጨባ ተከትሎት፥ ካህናቱም ከበሮና ጸናጽል ይዘው ተቀብለውት ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቡት። ተድላም በሕዝቡ ፊት ቆሞ «ወገኖቼ፥ ይህችን ሴት አሳፍሬያታለሁ፤ የአባቴን ስም ላስጠራ ብዬ የአባቴን የልጅ ልጆች ላጠፋ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ የእመቤታችን ጋን ይቆማል፥ ያልጨመርሁበት ጧት ቢኖር ስሜን ባለ አመዱ በሉት» አለ። ሕዝቡም ሳቀ፥ አለቀሰም፥ በየቤቱም የእመቤታችን ጋን ቆመ፥ አሮጌው ከአዲሱ አይገናኝ የሚለውም ልማድ በዚያ ቀን ተሻረ። ወደ ቆላም የወረዱት ይህን ሰምተው ተመለሱ፥ ጎረቤቶቻቸውም የሚዘሩትን ሰጧቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላም ደብሪቱ አርጅታ በአልጋ ላይ ሳለች፥ በኅዳር ወር ያው በረዶ ዳግመኛ መጣና አዝመራውን ሁሉ መታው። ሕዝቡም አንድ ቀን አለቀሰ፥ በማግሥቱም እንባውን ጠርጎ እያንዳንዱ ጋኑን ከፈተ፥ ግማሹን ለምግብ ግማሹን ለዘር ለየ፥ የሞላለትም ለጎደለበት ሰጠ፥ የበልጉም ዝናም በመጣ ጊዜ አንድ ማሳ ጦሙን ሳያድር ተዘራ። ደብሪቱም ዓይኗ ደክሞ ነበርና በአጠገቧ የተቀመጡትን ልጆቿን «ማን ወረደ? ማን ማን ቆላ ወረደ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም፥ እናታችን። ከጥድ አምባ አንድ ሰው አልወረደም» አሏት።

እርሷም እንደገና «አንድም?» አለች፥ «አንድም» አሏት። በዚያን ጊዜ በሁለት እጇ አልጋዋን ተደግፋ ቀና አለችና፥ በዚያ በደከመ ድምፅዋ እልል አለች፥ ልጆቿም እልል አሉ፥ ጎረቤትም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ተቀበለው፥ እልልታውም ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ። ለእርሷ ለእናቱ ይህን ጸጋ ለሰጠ ለልጇ ለወዳጇ ለኢየሱስ ክርስቶስ ክብርና ምስጋና ይሁን።

የወለተ ኪዳንን ጋን የጠበቀች እመቤት የእናንተንም ጓዳ ትጠብቅ፤ ከበረዶና ከአንበጣ፥ ከንዳድና ከስደት ትሰውራችሁ፤ እፍኛችሁን በረከት ታድርግላችሁ፥ በጥጋባችሁ ቀን ማስቀመጥን፥ በክፉው ቀን ማካፈልን ታስተምራችሁ። ይህን ያነበበውን፥ የጻፈውን፥ የሰማውን፥ በመካከል ያንቀላፋውንም ሳትለይ በቃል ኪዳኗ ጥላ ሥር ታኑረን፥ ለዘለዓለሙ አሜን።